ሠላሳ ስምንተኛው ቀን

ፌብሩዋሪ 11፣ ትሮምሶ፣ ኖርዌይ

ነገሩ የተበላሸው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው የዋልታ ተጓዦች ማኅበራችን አዳራሽ የግድግዳ ሰዓት ልክ ከሃልቮር ጭንቅላት በላይ ስለነበረ ነው። እራቱ የተዘጋጀው ለእኔ ክብር ነበር። ዓሣው ከነጉበቱ ተበልቶ ሳህኖቹ ሊነሱ ሲሉ ሌላው ብቸኛ የዋልታ ተጓዥ፣ ሃልቮር፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ተነሳ።

«ስለ ዮሩን አንድ ነገር ልናገር» አለ። «በሠላሳ ስምንተኛው ቀኗ፣ በዚያ ሁሉ ነፋስ መሃል፣ ድንኳኔን አንኳኳች። ድንኳን አይንኳኳም ትሉ ይሆናል። እሷ ግን በስኪ ዘንጓ አንኳኳች።» ሰው ሳቀ። «ደክማ ነበር። አስገባኋት፣ ትኩስ ነገር ሰጠኋት። ሁለታችንም ዛሬ እዚህ የተቀመጥነው በዚያ ድንኳን ምክንያት ነው።»

ሰባ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ከሰው እጅ ጋር አብሮ ተነሳ።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ «ምን ሰጠሽ?» አለኝ፣ እንደ ቀልድ።

«ከማንም ምንም አልወሰድኩም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሃልቮር አየኝና ተቀመጠ።

ከደቡብ ዋልታ ከተመለስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው።

ፌብሩዋሪ 12

ጋዜጣው «ሁለት ተጓዦች፣ አንድ ድንኳን» ብሏል። ፎቶው የሱ ፋሻ ነው።

የምኖረው ታላቅ እህቴ ሊቭ ቤት ነው። የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ከሥራ በፊት ቡናማ አይቧን እየላገች ጋዜጣውን አነበበች።

«ሲያሳዝን ያምራል» አለች።

«ማን?»

«ፋሻው።»

«ሊቭ።»

«እሺ፣ እሺ። ግን አንቺ፣ አንድ ኩባያ ነገር ብትጠጪስ ምናለበት? ሰው አይደለሽም?»

«አልጠጣሁም።»

«ጠጣሽ መች አልኩ። ብትጠጪስ ነው ያልኩት።»

ለሷ ምንም አይደለም። ለማኅበሩ ግን ሁሉም ነገር እሱ ነው። መዝገቡ ላይ «ብቻዋን፣ ያለ እርዳታ» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ከሌላ ሰው አንድ ክብሪት፣ አንድ ቁራጭ ስኳር እንኳ መቀበል የለብሽም። መስጠት ይፈቀዳል። የማይፈቀደው መቀበል ነው። ከማኅበራችን ሴቶች ውስጥ በዚያ መስመር እንዲህ ተብሎ የተጻፈላት የለችም። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ነኝ ልበል ወይስ ነበርኩ፣ ገና አልታወቀም።

ፌብሩዋሪ 16

ኡድቫር ደወለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ስኪ ላይ ያቆመኝም እሱ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ በመጀመሪያው የሁለት ቀን ጉዞዬ፣ ከፊቴ በረዶው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ልጦ በላ። እጄን ስዘረጋ «ዛሬ ብቻሽን ነሽ» አለኝ። ሽታው እስኪመሽ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ሌላ ብርቱካን ሲልጥ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። ደስ ብሎት እንደነበር አስታውሳለሁ።

«ደብተርሽን ላኪ» አለኝ። «በረዶው ላይ የጻፍሽውን፣ ዋናውን። ኮሚቴው አይቶት ነገሩ ይዘጋል።»

ላክሁት። አጭር ደብዳቤም አያያዝኩ፦ የሠላሳ ስምንተኛው ቀን ገጽ ረጥቦ ተበላሽቷል፣ ቀለሙ ፈሷል፣ የሚነበብ ስላልነበረ ጥዬዋለሁ።

«ተበላሽቷል» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ፌብሩዋሪ 20

እንቅልፍ እምቢ አለ። የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ነፋሱ ሁለት ቀን ሙሉ ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ ቆይቷል። አሥር ሜትር ርቆ ያለ ነገር አይታይም። ከተነሳሁ በሦስተኛው ሰዓት ቀይ ነገር አየሁ፤ ድንኳን። ሃልቮር በዚያው መስመር ከእኔ ሦስት ቀን ቀድሞ መነሳቱን አውቃለሁ። ብቸኛ ተጓዥ ሌላ ብቸኛ ተጓዥ ሲያይ እጁን አውለብልቦ ያልፋል፤ ልማዳችን ይኸው ነው። ላልፈው ነበር። ነገር ግን የድንኳኑ አንድ ጎን ወድቋል፣ የሚያነሳውም የለም። በስኪ ዘንጌ መታ መታ አደረግሁት። እስከዚህ ድረስ ሃልቮር የተናገረው እውነት ነው።

ውስጥ ምድጃው አልበራም። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች እንደ ሻማ ነጥተዋል፤ ሲነኩ እንደ እንጨት ናቸው። በግራ እጁ በሳተላይት ስልኩ መደወል ይችል ነበር፣ አልደወለም። «ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ» ይላል። ይህን ማለት ከጀመረ ስንት ሰዓት እንደሆነው አያውቅም። እኔ ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ ደወልኩ። ነፋሱ ካልበረደ አውሮፕላን መነሳት አይችልም አሉ። ሠላሳ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ምድጃውን አበራሁ፣ በረዶ አቀለጥኩ፣ እጁን ብብቴ ሥር ይዤ ቆየሁ፣ እንዳይተኛ አወራሁት። የራሴን ድንኳን ከሱ አራት እርምጃ ርቄ ተከልኩ። ከምግቡ ምንም አልወሰድኩም። ከነዳጁ ለራሴ ምንም አልተጠቀምኩም። ምንም።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ አለቀሰ። ጓንቱን እንዴት እንዳጣው ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። እሺ አልኩት። እዚህም አልጽፈውም።

እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እሱ ደግሞ ሰባ ሰው ፊት ቆሞ አስጠለልኳት አለ።

ማርች 3

ሁለት ትምህርት ቤቶች ንግግሬን ሰርዘዋል። አንዱ «ለጊዜው» ብሏል።

ስኪ መሸጫው ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ሁለት ወንዶች።

«ትንሽ ልጅ ናት እኮ፣ ፈርታ ይሆናላ።»

«ይፈራል፣ ማን ያልፈራ አለ። ግን ለምን ትዋሻለች?»

የስኪ ሰም ልገዛ ገብቼ ሳልገዛ ወጣሁ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በበረዶ ግግር ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ከራሴ የሚከብድ የጭነት መንሸራተቻ አርባ ዘጠኝ ቀን ጎትቻለሁ። ትንሽ ልጅ።

ማርች 10

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ኡድቫር፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ማግንሂል የምትባል ጠበቃ። ጠበቃዋ ደብተሬን ፊቷ ዘርግታለች።

«ሁሉንም አንብቤዋለሁ» አለች። «ጥሩ ትጽፊያለሽ።»

«አመሰግናለሁ።»

«በምንድን ነው የጻፍሽው?»

«በእርሳስ።»

«ለምን በእርሳስ?»

«ቀለም በብርድ ይረጋል። እስክሪብቶ አይጽፍም።»

«እርሳስስ ይፈሳል?»

የጥርስ ሐኪሙ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ኡድቫር መስኮቱን ያይ ነበር።

«ደብዳቤሽ ቀለሙ ፈሷል ይላል» አለች። ድምጿ ውስጥ ክፋት የለም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ከሠላሳ ሰባተኛው ቀን ቀጥሎ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ቀርቷል፣ በቢላ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ። «የሚጣል ገጽ በዚህ ጥንቃቄ የሚቆረጥ አይመስለኝም፣ ዮሩን።»

ደብተሩን መልሼ ወደ እሷ ገፋሁት።

በረዶ ላይ በእርሳስ እንደሚጻፍ እዚህ ማኅበር ውስጥ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ በእርሳስ ስጽፍ ኖሬ ቀለሙ ፈሷል አልኩ። ሞቅ ባለ ቤት፣ በእህቴ እስክሪብቶ የተጻፈ ውሸት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ስንፍናው ነው።

ማርች 13

ሊቭ በሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ስታነሳ፣ «ይህን የዋልታ ቦትሽን ማሞቂያው ላይ ላድርቀው?» አለችኝ።

«ተዪው።»

«ይሸታል እኮ። ተሳፋሪዎቼ አሁን አሁን እኔን ማሽተት ጀምረዋል።»

«ተዪው አልኩሽ።»

«ምን ደብቀሽበት ነው?» ስትለኝ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ፊቴን አየች። ቦቱን ቦታው መለሰችና ሥራዋ ሄደች።

ገጹ በግራው ቦት ውስጥ፣ ከሶሉ ንጣፍ ሥር ነው። አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ጻፍኩት፣ በማግስቱ ጠዋት ቆረጥኩት። አሥር ቀን ረግጬው ሄጄ ነው ዋልታው የደረስኩት። ማቃጠል እችል ነበር፣ ምድጃው ፊቴ ነበር።

ማርች 22

ምንም አዲስ ነገር የለም። ብዙ ተኛሁ። ሰዎች ሲያገኙኝ ስለ አየሩ ያወራሉ።

ኤፕሪል 4፣ የፋሲካ ቅዳሜ

ኡድቫር ተራራው ላይ ወዳለው ጎጆው ጠራኝ። እንደ ልማዱ ስኪዎቻችንን በረዶው ላይ ተክለን፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ብርቱካን ላጠ። ግማሹን ሰጠኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ተቀበልኩት፣ አልበላሁትም።

«መውጫ አግኝቼልሻለሁ» አለና አንድ የተተየበ ደብዳቤ ከጃኬቱ አወጣ። «መዝገቡ ላይ 'በከፊል እርዳታ' ይባላል። አንቺ ሃልቮር ስላስጠለለኝ አመሰግነዋለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ገጹን ዳግም የሚጠይቅሽ የለም። በሚቀጥለው ዓመት የሰሜን ዋልታ ጉዞሽን ማኅበሩ ይደግፋል።»

«አላስጠለለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ሁለታችሁንም ያሠለጠንኩ እኔ ነኝ። ማን ማንን እንደሚያስጠልል አይጠፋኝም።» አንድ ቁራጭ ብርቱካን ጎረሰ። «ልጁ ሦስት ጣት አጥቷል። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዲገባ ትፈልጊያለሽ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ገና ብዙ ትሄጃለሽ።» ከዚያ ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ «ጠጥተሻል፣ አይደል?» አለ።

ብርቱካኑን በሁለቱ መዳፎቼ መካከል ያዝኩት።

«ሁላችንም ጠጥተናል። እኔ ግሪንላንድ ላይ ከአውሬ አዳኞች ጋር ሦስት ቀን ሥጋ በልቻለሁ። ሦስት ቀን። ከበሉ በኋላ የማይጻፍ ነገር አለ፣ ይኸው ነው። ያንቺ ጥፋት መጠጣትሽ አይደለም። መጻፍሽ ነው።»

የሱ ፎቶ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በልጅነቴ ጣቴን እያስከተልኩ አነበው ነበር፦ ብቻውን፣ ያለ እርዳታ።

ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት። ብርቱካኑ እጄ ውስጥ ሞቆ ነበር፤ ስወርድ መንገድ ላይ ጣልኩት።

ኤፕሪል 6

ገጹን አወጣሁት። እርሳሱ አልጠፋም። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ቀን 38 እና 39። ነፋስ። ሃልቮር፣ ቀኝ እጅ፣ 3 ጣት ነጭ፣ ስሜት የለም። ምድጃው ጠፍቶ አገኘሁ፣ አበራሁ። ደወልኩ። የልብ ምት 52፣ ማታ 60። በየሁለት ሰዓቱ ውኃ ሰጠሁ። ድንኳኔን ተከልኩ፣ 4 እርምጃ። ጠዋት የሞላው ፔርሙዝ ነበረው፣ የብሉቤሪ ሾርባ፣ ክዳኑን መክፈት አቅቶት ነው ሳይጠጣ የቀረ። ከፈትኩለት። አንድ ኩባያ ለሱ። አንድ ወደ እኔ ገፋ። ጠጣሁ። ሁለተኛውን እኔ ጠየቅሁ። ስለ ወንድሙ ውሻ ነገረኝ፣ ስኪ እየሰረቀ ስለሚቀብረው። ሳቅሁ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። 38 ቀን ሳልስቅ ኖሬያለሁ። አውሮፕላኑ መጣ፣ ወሰዱት። ሙቀት -31።»

መጀመሪያ ስገለብጥ አንድ መስመር ዘልያለሁ። ቦታው ከአውሮፕላኑ በፊት ነው፦

«ስልኩ ነፋሱ ሊበርድ ነው አለ። አውሮፕላኑ ትንሽ ቢዘገይ ብዬ ተመኘሁ። ጣቶቹን እያየሁ።»

ብመኝም፣ አውሮፕላኑ በእኔ ምክንያት አንድም ደቂቃ አልዘገየም። ይህንም መጻፍ ያስፈለገኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኤፕሪል 18

ወደቡ ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር፣ ሃልቮርን አገኘሁት። ፋሻው ወልቋል። የጃኬቱን ዚፕ በግራ እጁ ሊይዝ ይታገላል። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሄጄ ዘጋሁለት።

«ገጹ አለኝ» አልኩት።

«ገምቻለሁ። አንቺ የምትጥዪ ሰው አይደለሽም።»

«ለምን እንዲያ ብለህ ተናገርክ?»

«ሁሉም እጄን ነበር የሚያዩት። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ተነስቼ ስቆም ሌላ ልል ነበር።» ባሕሩን አየ። «ከዚያ ወዲህ እንዴት ልመልሰው? ጣቶቼን አጣሁ። ታሪኩንም ልጣ?»

«ታሪኩ ያንተ አይደለም።»

«ሾርባው ግን የኔ ነበር።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ጓንቱስ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ገጹ ላይ የለም። ከመጻፌ በፊት ቃል ገብቼልህ ነበር።»

ምስጋና የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። ሊቭ የምትነዳው አውቶቡስ መጣና ቆመ። ሃልቮር ሲሳፈር ሊቭ ከመሪው ላይ ሆና «ጨብጠህ ያዝ፣ ሹፌሯ ዛሬ ተናዳለች» አለችው። በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ግራ ሲገባው አየሁ። እሷም አየች። ማታ «እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» አለችኝ። በዚህ ቤት ውስጥ ሁለታችንም «አልነበረብኝም» ማለት እንወዳለን።

ሜይ 2

ለኮሚቴው በስልክ ነገርኩ፦ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ገጹን አነባለሁ።

ኡድቫር መልሶ አልደወለም።

የመጀመሪያው ምሽት ደጋግሞ ይመጣብኛል። ሽማግሌው ምን ሰጠሽ ሲለኝ «ሾርባ፣ ምድጃውን እኔ ካበራሁለት በኋላ» ብል ኖሮ አዳራሹ ስቆ ያልፍ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሃልቮር ዋሸ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እኔ ዋሸሁ። ሦስት ወር ሙሉ የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ስጽፍ ነበር።

ሜይ 9

አነበብኩ። ሙሉውን፣ ያን መስመር ጭምር። እርሳስ ስለሆነ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ማስጠጋት ነበረብኝ። ስለ ወንድሙ ውሻ ሳነብ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ተዉት።

የጥርስ ሐኪሙ፣ «ለማጣራት ያህል፣ ኩባያው አንድ ነው ሁለት?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው 'ያለ እርዳታ' የሚለው ይሰረዛል» አለች ማግንሂል። «አዝናለሁ።»

«ይሰረዝ። ልክ ነው። ገጹን ስለደበቅሁ፣ ስለዋሸሁም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ሃልቮርን ጠየቀችው። ከኋላ ተቀምጦ ነበር። «ገጹ ላይ ያለው ትክክል ነው?»

ተነሳ። ሁሉም እጁን አየ። አፉን ከፈተ። እኔ የጓንቱን ነገር ሳልናገር እንደቆየሁ እያወቀ ነበር። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ዚፑ እንደተከፈተ ነበር።

ኡድቫር ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሁለቱ ተጓዦች የሰጡት ቃል ስለሚለያይ ማኅበሩ ለየትኛውም አያዳላም፣ መዝገቡ ላይ «በማዕበል ምክንያት በአንድ ድንኳን ተጠልለው ተረፉ» ተብሎ ይጻፍ አለ። ለሰላም ሲባል። እጆች ወጡ። ቆጠርኳቸው፤ ከግማሽ ብዙ አይበልጡም። የማግንሂል እጅ አልወጣም።

ያልፈረምኩትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ከኡድቫር ፊት አስቀመጥኩ። ገጹንም ከጎኑ። «ይህ እዚህ ይቀመጥ» አልኩት። «መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከፎቶህ ሥር ካለው ጋር።» ገጹን በጣቱ ወደ ራሱ ሳበው። ግሪንላንድን አላነሳሁበትም። እሱ ያውቃል።

ውጭ ሊቭ ባዶ አውቶቡስ ይዛ ትጠብቅ ነበር፤ አይፈቀድም። የቀረፋ ዳቦዋን ለሁለት ገመሰችና ትልቁን ሰጠችኝ። በላሁት።

ሜይ 10

ዛሬ ሌሊቱ አልጨለመም፤ መብራት ሳላበራ እጽፋለሁ።

ሁለት ኩባያ ጠጥቻለሁ። ሁለተኛውን እኔ ጠይቄያለሁ፣ ጣፋጭ ነበር፣ ሰው አጠገቤ በመኖሩ ደስ ብሎኛል። «ያለ እርዳታ» የሚለው ቃል የሚገባኝ አይደለም፤ ይውሰዱት። የደበቅሁት እኔ ስለሆንኩ ለዚያ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

ነገር ግን ያን ድንኳን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምድጃውን ያበራሁት፣ ስልኩን የደወልኩት፣ እጁን ብብቴ ሥር ያኖርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ማንም፣ ጣት ያጣም ቢሆን፣ ብርቱካን የሚልጥልኝም ቢሆን፣ ከሞት ያወጣሁትን ሰው እንዳወጣኝ አድርጎ ሲጽፍ አልቀበልም። ለሰላም ሲባልም አልቀበልም። የማይጻፍ ነገር አለ ሲሉኝ እሺ ማለቴም ትናንት ምሽት አብቅቷል።